ባላንስድ ግንኙነት፦ የትኛውን የድምፅ ችግር ይፈታል፣ የትኛውንስ አይፈታም

ባላንስድ ግንኙነት የተሠራው ለአንድ ችግር ነው፦ ሲግናሉ በኬብል ከመሣሪያ ወደ መሣሪያ ሲሻገር ለሚገባበት ረብሻ። ሲግናሉ በሁለት ሽቦዎች ይተላለፋል፤ ተቀባዩ መሣሪያ የሁለቱን ሽቦዎች ልዩነት ብቻ ያጎላል፤ በሁለቱም ላይ እኩል ያረፈው ረብሻ ሲቀናነስ ይጠፋል። ለዚህ ሁለቱ ሽቦዎች ወደ ግራውንድ (የመሣሪያው የዜሮ ቮልቴጅ መነሻ) ያላቸው ኢምፒዳንስ፣ ማለትም ለተለዋዋጭ ከረንት የሚያሳዩት ተቃውሞ፣ እኩል መሆን አለበት። ብዙ ሰው ቁም ነገሩ በሁለተኛው ሽቦ ላይ ተገልብጦ የሚሄደው ሲግናል ይመስለዋል፤ አይደለም። በባላንስድ ግንኙነት በተለመደው ባለ ሦስት ፒን መሰኪያ፣ በኤክስኤልአር፣ ፒን 2 እና 3 የሁለቱ ሽቦዎች፣ ፒን 1 የሺልዱ (ሽቦዎቹን የሚሸፍነው የብረት መከለያ) ናቸው። ፒን 3 ላይ ምንም ሲግናል ባይኖርም፣ ከፒን 2 ጋር እኩል በሆነ ሬዚስተር ግራውንድ ላይ ከታሰረ ረብሻው እንደዚያው ይጠፋል።

ምልክት፦ ስፒከሩ ሳያቋርጥ «እምምም» ይላል

መጀመሪያ ምንጩን ለዩ። አምፕሊፋየሩን አጥፉና ወደ እሱ የሚገቡትን የሲግናል ኬብሎች በሙሉ ንቀሉ፤ ከዚያ መልሳችሁ አብሩት። እምምታው ካልጠፋ ችግሩ አምፕሊፋየሩ ውስጥ ነው፤ ብዙ ጊዜ ያረጁ የፓወር ሰፕላይ ካፓሲተሮች ናቸው። ይህን የትኛውም ኬብል አይፈታውም። ከጠፋ ደግሞ ኬብሎቹን አንድ በአንድ መልሱ (በእያንዳንዱ ጊዜ አጥፍታችሁ ስኩ)፤ ድምፁን ይዞ የሚመጣው መስመር ተጠያቂው ነው።

የተለመደው መንስኤ የግራውንድ ሉፕ ነው። የሁለቱ መሣሪያዎች ግራውንድ በቮልቴጅ ትንሽ ሲለያይ በኬብሉ ሺልድ ውስጥ ከረንት ይፈስሳል። በአርሲኤ ኬብል (ባላንስድ ያልሆነው፣ አንድ የመሃል ሽቦና ሺልድ ብቻ ያለው) ሺልዱ የሲግናሉም መመለሻ ስለሆነ በሺልዱ ላይ የሚፈጠረው ትንሽ ቮልቴጅ በቀጥታ ሙዚቃው ላይ ይደመራል። የኤሌክትሪክ መስመሩ 50 ወይም 60 ኸርዝ የሚሰማው ለዚህ ነው።

መፍትሄውን ከቀላሉ ጀምሩ። መሣሪያዎቹን ሁሉ በአንድ ዲቫይደር ላይ ስኩ። የአንቴና ኬብል ካለ ለሙከራ ንቀሉት፤ ብዙ ሉፕ የሚዘጋው በእሱ በኩል ነው። ካልበቃ 1 ለ 1 የሆነ የኦዲዮ ማግለያ ትራንስፎርመር ከተቀባዩ አጠገብ አስገቡ፣ ወይም ወደ ባላንስድ ኢንፑት ግቡ። የሶኬቱን የኧርዝ እግር መቁረጥ ግን ፈጽሞ አይሞከርም፤ መሣሪያው ውስጥ ሽቦ ቀፎውን ከነካ ሰው ይገድላል።

ምንጩ አርሲኤ፣ ተቀባዩ ኤክስኤልአር ከሆነ ኬብሉን በባለ ሁለት ሽቦ ሺልድ ኬብል ሥሩት፦ አንዱ ሽቦ ከአርሲኤው መሃል ወደ ፒን 2፣ ሌላው ከአርሲኤው የውጭ ቀለበት ወደ ፒን 3፤ ሺልዱ በአንድ ጫፍ ከዚያው ቀለበት ጋር፣ በሌላው ከፒን 1 ጋር። ፒን 1ን እና 3ን እዚያው ተቀባዩ ጋ የሚያገናኝ አዳፕተር ይህን ጥቅም ሁሉ ያጠፋዋል።

ምልክት፦ ኤክስኤልአር ተሰክቶም እምምታው አልጠፋም

በተቀባዩ በኩል ያለውን የፒን 1 ሺልድ ለሙከራ ፍቱ። ድምፁ ከጠፋ ከሁለቱ መሣሪያዎች በአንዱ ፒን 1 በቀጥታ ከብረት ቀፎው ጋር ሳይሆን ከሰርኪዩት ቦርዱ ግራውንድ ጋር ተያይዟል፤ የሺልዱ ከረንትም በሰርኪዩቱ ውስጥ ያልፋል። የድምፅ መሐንዲሱ ኒል መንሲ በ1995 የጻፈበት «የፒን 1 ችግር» ይህ ነው። መፍትሄው ፒን 1ን ከቦርዱ ለይቶ በአጭርና ወፍራም ሽቦ እዚያው ከቀፎው ጋር ማገናኘት ነው። መሣሪያውን መክፈት ካልፈለጋችሁ በተቀባዩ ጫፍ ሺልዱን በ10 ናኖፋራድ ካፓሲተር በኩል አያይዙት፤ ዝቅተኛው እምምታ ይቋረጣል፣ ከሬዲዮ ሞገድ መከላከሉ ግን ይቀጥላል።

ካልጠፋ የተቀባዩን ሬዚስተሮች እዩ። በአንድ ኦፕአምፕ (የማጉያ ቺፕ) እና በአራት እኩል ሬዚስተሮች የተሠራ ኢንፑት፣ የሬዚስተሮቹ የስህተት መጠን 1% ከሆነ፣ በክፉ አጋጣሚ ረብሻውን በ34 ዲሲቤል ብቻ ይቀንሳል። 0.1% ሲሆን ዝቅተኛው 54 ይደርሳል። ሬዚስተሮቹ በሌዘር የተስተካከሉለት ቺፕ 90 አካባቢ ይሰጣል። ባላንስድ የሚለው ጽሑፍ በጀርባው ላይ መኖሩ ብቻ ምንም ዋስትና አይሆንም።

ምልክት፦ በባላንስድ ሲሆን ሙዚቃው «ሞላ፣ ጠራ»

ብዙ መሣሪያ በአርሲኤ 2 ቮልት፣ በኤክስኤልአር 4 ቮልት ያወጣል። ይህ 6 ዲሲቤል ነው፤ ጆሮ ጎላ ያለውን የተሻለ ነው ብሎ ይቀበላል። ለማጣራት የ400 ኸርዝ ሳይን ድምፅ አጫውቱ፣ ቴስተሩን ኤሲ ቮልት ላይ አድርጋችሁ በስፒከሩ ተርሚናሎች ላይ 1 ቮልት ያህል እስኪያሳይ ቮልዩሙን ክፈቱ፣ ከዚያ በሁለቱም ግንኙነት ንባቡን በ1% ውስጥ አስተካክሉ። ኬብሉን የሚቀያይረው ሌላ ሰው ይሁን፤ የትኛው እንደሆነም አይንገራችሁ። እምምታ በሌለበት፣ ሁለት ሜትር በማይሞላ ኬብል፣ ልዩነቱ አብዛኛውን ጊዜ አይሰማም።

ከመግቢያ እስከ መውጫ ባላንስድ የሆነ ሰርኪዩት በቲዎሪ ጥቅም አለው፦ ሲግናሉ በ6፣ የሰርኪዩቱ የራሱ ኖይዝ በ3 ዲሲቤል ስለሚጨምር 3 ዲሲቤል ይተርፋል፤ ጥንድ ቁጥር ያላቸው ሃርሞኒክሶችም (ሰርኪዩቱ የሚጨምራቸው የድምፁ ብዜቶች) ሁለቱ ግማሾች እኩል በሆኑበት መጠን ይሰረዛሉ። የሚያስከፍለው ደግሞ እጥፍ ዕቃ ነው፤ ለስቴሪዮ ባለ 4 ክፍል ቮልዩም ያስፈልጋል፣ ክፍሎቹ እኩል ካልተራመዱም የቀረው ረብሻ ወደ ሲግናል ይቀየራል።

ምልክት፦ ሙዚቃ ሳይኖር ከትዊተሩ (ቀጭን ድምፅ የሚያወጣው ስፒከር) «ሽሽሽ» ይሰማል

ይህ የአምፕሊፋየር ኖይዝ ነው፤ ኬብሉን ወደ ባላንስድ መቀየር አይቀንሰውም። የምንጩን መጠን ከፍ፣ የአምፕሊፋየሩን ጌይን (የማጉላት መጠን) ዝቅ አድርጉ።

ምልክት፦ ድምፁ ይሻክራል ወይም አምፕሊፋየሩ ራሱን ያጠፋል

ከኤክስኤልአር ወደ አርሲኤ የሚወስደው አዳፕተር ፒን 3ን ከፒን 1 ጋር አያይዞ ይሆናል። ትራንስፎርመር ባለው አውትፑት ይህ ትክክል ነው፤ ሁለት ለየብቻቸው የሚሠሩ ኦፕአምፖች ባሉበት ግን አንዱን ሾርት ያደርጋል። ለእነዚህ ፒን 3 ነፃ ይቅር።

በብሪጅ የሚሠራ አምፕሊፋየር (ሁለት ግማሾች አንዱን ስፒከር ከሁለቱም ጫፍ የሚነዱበት) ከሆነ ደግሞ ጥቁሩ ተርሚናል ግራውንድ አይደለም፤ ከቀፎው፣ ከሌላኛው ቻናል ጥቁር ወይም ኧርዝ ካለው የመለኪያ መሣሪያ ጋር ከተገናኘ ሾርት ነው። በተጨማሪም የ8 ኦም ስፒከር ለእያንዳንዱ ግማሽ 4 ኦም ሆኖ ይታየዋል፤ የ4 ኦም ስፒከር 2 ይሆናል፣ አምፕሊፋየሩ ለዚያ ካልተሠራ ይግላል፣ መከላከያውም ያጠፋዋል።