ኮምፓይለራችሁ የ-1ን ስኩዌር ሩት ቀድሞ ያስላ ወይስ ይተወው?

የራሳችሁን ኮምፓይለር (ኮድን ወደ ማሽን ቋንቋ የሚቀይር ፕሮግራም) እየጻፋችሁ ነው እንበል። ኮዱ ውስጥ የ4 ስኩዌር ሩት ሲገጥመው ፈንክሽኑን ከመጥራት ይልቅ 2ን እዚያው እንዲተካ ትፈልጋላችሁ። ይሄ ቀላል ነው። ጣጣው ያለው -1 ሲመጣ ነው።

በሲ ቋንቋ የሂሳብ ፈንክሽኖች መልስ ሰጥተው ብቻ አይሄዱም፣ ዱካም ይተዋሉ። ሊኑክስ ላይ በተለመደው የሲ ላይብረሪ በግሊብሲ የ-1 ስኩዌር ሩት ናን ("ቁጥር አይደለም" የሚል ዋጋ) ይመልሳል፣ የስህተት ቁጥር በሚያዝበት ኤርኖ በሚባለው ቫሪያብል ላይ ኤዶም የሚባለውን ኮድ ይጽፋል፣ ፕሮሰሰሩ ላይ ደግሞ ስሌቱ ልክ እንዳልሆነ የሚያሳየውን የኢንቫሊድን ፍላግ (ምልክት) ያነሳል። (መስል የሚባለው ሌላ የሲ ላይብረሪ ኤርኖውን አይነካም፣ ፍላጉን ብቻ ነው የሚያነሳው።) ኮምፓይለሩ ጥሪውን አጥፍቶ ናን ብቻ ከተካ፣ ቀጣዩ መስመር ላይ ኤርኖን የሚፈትሸው ሰውዬ ምንም አያገኝም። ፕሮግራሙን አበላሻችሁበት ማለት ነው።

መፍትሄው እንዲህ ነው። መጀመሪያ ኤርኖን ዜሮ አድርጉ፣ ፍላጎቹንም አጽዱ። ከዚያ ፈንክሽኑን ኮምፓይለሩ በሚሠራበት ማሽን ላይ እውነተኛውን ቁጥር ሰጥታችሁ ጥሩት፣ ሲመለስ ሁለቱንም ፈትሹ፣ አንዱ እንኳን ተነክቶ ካገኛችሁ መልሱን ጣሉትና ጥሪው እንዳለ ለራንታይም (ፕሮግራሙ ለሚሮጥበት ጊዜ) ይቅር። ኤልኤልቪኤም የሚባለው የኮምፓይለር ፕሮጀክትም የሚሄደው በዚሁ መንገድ ነው። ኮምፓይለራችሁን ራሱን በፋስት-ማዝ (ለፍጥነት ሲባል ኤርኖንና ፍላጎቹን ችላ በሚል አማራጭ) እንዳትገነቡት ግን፣ ያኔ ፍተሻው ዋጋ የለውም።

መልሱ እንደተጠጋጋ ብቻ የሚናገረውን ኢንኤግዛክት የሚባለውን ፍላግ እለፉት። የ2 ሎግ (ናቹራል ሎጋሪዝም) በደብል፣ ማለትም በ64 ቢት የአስርዮሽ ቁጥር፣ ልክ ስለማይገባ ይሄ ፍላግ ሁሌም ይነሳል፤ እሱን ከቆጠራችሁ ቀድማችሁ የምታሰሉት ነገር እምብዛም አይኖርም። ፕሮግራመሩ ፍላጎቹን እንደሚያነብ ወይም የራውንዲንግ ሞዱን (የማጠጋጊያ ስልቱን) እንደሚቀይር ኮዱ ውስጥ ለኮምፓይለሩ በሚጻፈው ትእዛዝ፣ በፌንቭ አክሰስ ፕራግማ፣ ካሳወቀ ግን ነገሩ ይለያል፣ መልሱ ልክ ካልገባ አትንኩት።

መልሱን ማንም የማይጠቀምበት ጥሪስ? ሰው ቶሎ ብሎ የሚሰርዘው እዚህ ጋ ነው። የዜሮ ሎግ መልሱ ባይፈለግም ኤርኖውን ይቀይራል፣ ስለዚህ ይቆያል። የ2 ሎግ ግን ምንም ስህተት ስለማያስከትል ያለ ስጋት ይሰረዛል።

ለሌላ ማሽን የምታዘጋጁ ከሆነ የእናንተ ማሽን ላይብረሪ በመጨረሻዋ ቢት ከዚያኛው ሊለይ ይችላል። ጂሲሲ የሚባለው ኮምፓይለር ከቨርዥን 4.3 ጀምሮ ለዚህ ኤምፒኤፍአር የሚባለውን በትክክል የሚያጠጋጋ የስሌት ላይብረሪ ይጠቀማል፣ እኔም እሱን እመርጣለሁ። ቀርፋፋ ቢሆንም በየትም ማሽን አንድ መልስ ይሰጣል።

ለመፈተሽ በኦ2 (ኮዱን በሚያፈጥነው የኮምፓይለር አማራጭ) ኮምፓይል አድርጉና አሴምብሊውን፣ ማለትም ኮምፓይለሩ ያወጣውን የማሽን ትእዛዝ ዝርዝር፣ ክፈቱ። የ2 ሎግ ተራ ቁጥር ሆኖ፣ የዜሮ ሎግ ደግሞ አሁንም ጥሪ ሆኖ መታየት አለበት።