የድሮ የወንጀል ፊልም አይታችሁ «ደበረኝ» ከማለታችሁ በፊት

ፊልም ኑዋር የሚባሉትን የ1940ዎቹና የ50ዎቹ የአሜሪካ ጥቁርና ነጭ የወንጀል ፊልሞች በጣም ነው የምወዳቸው (ዓመቶቹ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። አንድ ሰው ግማሹ ላይ አጥፍቶ «ደበረኝ» ሲለኝ ያንገበግበኛል። ብዙ ጊዜ ችግሩ ያለው አተያያችን ላይ ነው።

ትልቁ ስህተት «ገዳዩ ማነው?» እያሉ መጠበቅ ነው። የቢሊ ዋይልደርን «ደብል ኢንደምኒቲ» (1944) ውሰዱ። ዋልተር ኔፍ የኢንሹራንስ ሻጭ ነው። ፊልሙ ገና ሲጀምር ቆስሎ በሌሊት ቢሮ ይገባል። የድምፅ መቅጃውን ይከፍትና ሰው መግደሉን ይናዘዛል። ገንዘቡንም ሴቲቱንም እንዳላገኘ ሳይቀር ይነግረናል። በቃ፣ ሚስጥር የለም! ታዲያ ምን ቀረ? እንዴት እንደገባበት ማየት ነዋ። ከደንበኛው ሚስት ጋር ተመሳጥሮ ባልየውን ሳያውቅ የአደጋ ኢንሹራንስ ያስፈርሙታል። ከዚያ ገድለውት ከባቡር የወደቀ ያስመስላሉ፤ እንዲህ ላለው አደጋ ክፍያው እጥፍ ነውና። ኔፍ አጭበርባሪ እንዴት እንደሚያዝ ከማንም በላይ ያውቃል። እያወቀ ነው የሚገባበት። ስንት ጊዜ አይቼው ዛሬም «ተው!» እላለሁ።

ታሪኩ ቢወሳሰብባችሁም አትጨነቁ። «ዘ ቢግ ስሊፕ» (1946) ውስጥ ሹፌሩን ማን እንደገደለው ፊልሙ ራሱ አይነግረንም። ስለዚህ ለጀማሪ እሱን አልመክርም።

ሁለተኛው ስህተት ጨለማውን እንደ ጉድለት ማየት ነው። በጠራራ ፀሐይ፣ በስልክ፣ የስክሪኑን ብርሃን እስከ መጨረሻ ጨምሮ ማየት ፊልሙን ይገድለዋል። ዋይልደር፣ ፍሪትዝ ላንግና ሮበርት ሲዮድማክ በርሊን ፊልም ሲሠሩ የነበሩ ናቸው። በ1933 ሂትለር ሥልጣን ሲይዝ ሸሽተው ወጡ። በጥላ ታሪክ መንገርን ከዚያ ይዘውት ነው ሆሊውድ የገቡት። «ደብል ኢንደምኒቲ» ውስጥ ኔፍ የደንበኛው ሚስት ሳሎን ሲገባ የመስኮቱ መሸፈኛ ጥላ እንደ እስር ቤት ብረት ላዩ ላይ ያርፋል። ገና ምንም ሳያጠፋ! ክፍሉን አጨልሙና እዩት። በኋላ በኮምፒውተር ቀለም የተቀባ ቅጂ ካጋጠማችሁ ደግሞ እለፉት።

በትርጉም ፊልም መልክ፣ ሌላ ሰው በላዩ ላይ እየተረከ ማየትም አይሆንም። ኔፍ ራሱ ነው ተራኪው። የደከመ ድምፁ ከተሸፈነ ግማሹ ፊልም ሄደ። ከሥር ጽሑፍ ያለውን ፈልጉ።

«ወንጀለኛው መቀጣቱ አይቀር፣ መጨረሻው ይታወቃል» የሚሉም አሉ። ልክ ናቸው። ከ1934 ጀምሮ የሆሊውድ የሳንሱር ደንብ ወንጀለኛ ሳይቀጣ እንዲያመልጥ አይፈቅድም ነበር። ጎበዞቹ ዳይሬክተሮች ግን ቅጣቱን ከመጀመሪያው ጀምረው ሰውየው ላይ ያጠሉበታል።

ከ1930ዎቹ መጀመሪያ የማፊያ ፊልሞች ጋርም አታምታቷቸው። እዚያ ሰውየው ከተማ ሊገዛ ይነሳል። እዚህ ግን ደሞዝተኛ ነው፣ እንደኛው። ስሙን ያወጡለትም ሠሪዎቹ አይደሉም። በጀርመን ወረራ ዘመን ፓሪስ የአሜሪካ ፊልም አይገባም ነበር። ከጦርነቱ በኋላ በአንዴ ሲጎርፍ፣ በ1946 ኒኖ ፍራንክ የተባለ ሃያሲ ጨለማነታቸውን አይቶ በፈረንሳይኛ «ፊልም ኑዋር»፣ ማለትም «ጥቁር ፊልም» አላቸው።

የመጨረሻው ስህተት ስልክ እየነካኩ ማየት ነው። «ደብል ኢንደምኒቲ» ውስጥ የኔፍ መሥሪያ ቤት የካሳ ክፍል ኃላፊ የሆነው ባርተን ኪዝ ሲጋሩን አፉ ላይ አድርጎ ክብሪት ሲያጣ፣ ኔፍ ሁሌም በአውራ ጣቱ ጥፍር ጭሮ ይለኩስለታል። ደጋግመን እናየዋለን፣ ማንም ስለ እሱ አያወራም። መጨረሻ ላይ ኔፍ ደም እየፈሰሰው በሩ ሥር ወድቋል። ሲጋራ አፉ ላይ ያደርግና ክብሪቱን ለመጫር እጁ እምቢ ይለዋል። ኪዝ ጎንበስ ብሎ ይጭርለታል።