በጎንደር ለአእምሮ ጤና በእግር ሲጓዙ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ጭንቀት ወይም ድብርት ለተጫነው ሰው «ወጣ ብለህ ተራመድ» የሚለው ምክር ትክክል ነው። ብዙዎች ግን ሳምንት ሳይሞላቸው ይተዉታል። ጥፋቱ አብዛኛውን ጊዜ የአካሄዱ እንጂ የስንፍና አይደለም።

በመጀመሪያው ቀን ዳገት መያዝ

ጎንደር ከባሕር ጠለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ወደ ጎሃ ወይም ወደ ቁስቋም የሚያወጣው መንገድ ለጀማሪ ይከብዳል። ድንገተኛ ፍርሃት የሚነሣበት ሰው ልቡ ሲደልቅና ትንፋሹ ሲያጥር ሕመሙ የመጣበት ይመስለዋል፤ በማግስቱ ከቤት መውጣት ይፈራል። ልኩ ቀላል ነው፦ እየሄዱ ማውራት መቻል፣ መዝፈን ግን አለመቻል። በ10 ደቂቃ ይጀምሩ፤ በየሳምንቱ 5 ደቂቃ እየጨመሩ 30 ያድርሱት። በሳምንት አምስት ቀን ከሆነ የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ቢያንስ የሚመክረው 150 ደቂቃ ይሞላል። ለመለኪያ ያህል፣ የፋሲል ግቢን የከበበው ግንብ 900 ሜትር ገደማ ስለሆነ ረጋ ባለ እርምጃ አንዱ ዙር ሩብ ሰዓት ይፈጃል።

ፒያሳን መምረጥ

የባጃጅ ጥሩምባና ጭስ ባለበት አእምሮ አያርፍም። እ.ኤ.አ. በ2015 በታተመ የአሜሪካ ጥናት፣ ለ90 ደቂቃ በዛፍና በሣር መካከል የተራመዱ ሰዎች ማብሰልሰላቸው ቀንሷል፤ መኪና በበዛበት ጎዳና የተራመዱት ግን ለውጥ አላሳዩም። ሥሮቻቸው ግንቡን ያቀፉት የፋሲል ጥምቀተ ባሕር ዛፎች ጥላ ለዚህ የተሻለ ነው።

ጭንቀትን ተሸክሞ መዞር

ከሁሉም የሚከፋው ይህ ነው። እግር ይሄዳል፤ አእምሮ ግን የትናንቱን ነገር ያመነዥካል፤ ሰውየው ሲወጣ ከነበረው ይበልጥ ተጨንቆ ይመለሳል። ማብሰልሰሉን ለመግታት መታገል ያባብሰዋል። ይልቅ «ይኸው ጀመረኝ» ብለው ልብ ይበሉትና ትኩረትዎን ወደ እግርዎ መዳፍ ይመልሱ፦ ተረከዝ፣ መሐል፣ ጣት። በ3 እርምጃ አየር ያስገቡ፣ በ4 ወይም በ5 ያስወጡ። ሐሳብ ደጋግሞ ቢያመልጥዎ አልተሳሳቱም፤ ልምምዱ ራሱ መመለሱ ነው። ስልኩ ኪስ ውስጥ፣ ድምፁ ጠፍቶ ይቆይ፤ ዜና እየሰሙ መራመድ ይህን ሁሉ ያፈርሰዋል።

ስለ ሰላምታ አስቀድሞ አለመነጋገር

ከሥነ ልቦና አማካሪ ጋር ጎን ለጎን እየሄዱ ማውራት ዓይን ለዓይን መተያየት ለሚከብደው ሰው ይቀላል። ጎንደር ላይ ግን ዘመድና ጎረቤት ቆሞ ሳይጠይቅ አያልፍም። ስለዚህ ከመነሣታችሁ በፊት ተስማሙ፦ ሰው ሲመጣ ወሬው ይቁም፣ ማን ማን እንደሆነ ማስተዋወቅ አይኑር። ከባዱን ጉዳይ ጭር ባለ ቦታ ቁጭ ብላችሁ አንሡት እንጂ መንገድ ላይ አትክፈቱት።

ሰዓቱን አለመምረጥ

ከጠዋቱ 1 እስከ 3 ሰዓት ይሻላል፤ የጠዋት ብርሃን የሰውነትን ሰዓት ያስተካክላል፣ የሌሊት እንቅልፍንም ይረዳል። ክሎርፕሮማዚን የተባለውን የአእምሮ ሕመም መድኃኒት የሚወስድ ሰው ቆዳው በፀሐይ ቶሎ ስለሚቃጠል ባርኔጣና ረጅም እጅጌ ያስፈልገዋል። በሐምሌና በነሐሴ ዝናብ ሲይዝ በረንዳ ላይ 10 ደቂቃ መመላለስ ቀኑን ከመዝለል ይሻላል።

መድኃኒት መተው

ቀለል ሲል ክኒኑን በገዛ እጅ ማቋረጥ ማዞር፣ እንቅልፍ ማጣትና የሕመሙን መመለስ ሊያስከትል ይችላል፤ መጠኑን የሚቀንሰው ሐኪም ነው። ራስን የማጥፋት ሐሳብ ከመጣ ደግሞ ያን ቀን ጉዞው ይቅር፤ የሚቀርብዎትን ሰው ይዘው ወዲያው ወደ ሆስፒታል ይሂዱ።