ፓውንድና ኪሎ፦ አሜሪካ ለገባ አዲስ ሰው

አሜሪካ በገቡ ሰሞን ክሊኒክ ሄደው ሚዛን ላይ ሲቆሙ ከለመዱት የራቀ ትልቅ ቁጥር ቢያዩ አይደንግጡ። እኔ 158 የሚል ባየሁ ጊዜ ሚዛኑ የተበላሸ መስሎኝ ጫማዬን አውልቄ እንደገና ወጥቼበት ነበር። ቁጥሩ ግን በፓውንድ ነው፤ በኪሎ 71.7 መሆኑ ነው።

አንድ ፓውንድ 0.4536 ኪሎ፣ አንድ ኪሎም 2.2 ፓውንድ ገደማ ነው። በቃል ለማስላት ፓውንዱን ለሁለት ከፍሎ ከተገኘው ላይ አንድ አስረኛውን መቀነስ ይበቃል፤ 180 ፓውንድ ሲከፈል 90፣ 9 ሲቀነስለት 81 ኪሎ ይሆናል፤ ትክክለኛው ልኬት 81.6 ስለሆነ ልዩነቱ ለወሬ አይበቃም። ከኪሎ ወደ ፓውንድ ሲሆን ቁጥሩን አጥፎ የእጥፉን አንድ አስረኛ መጨመር ነው፦ 60 ኪሎ 132 ፓውንድ። ስሌቱ ከጠፋብዎ ሻንጣዎን ያስታውሱ፤ ከ23 ኪሎ እንዳያልፍ በርበሬና ሽሮ እየቀነሱ የዘጉት ያ ሻንጣ እዚህ 50 ፓውንድ ይባላል።

ጂም ውስጥ ባዶው ረጅሙ ባር አብዛኛውን ጊዜ 45 ፓውንድ ይመዝናል፤ ብዙ ሰው እሱን ሳይቆጥር ይቀራል። በየጎኑ አንድ አንድ ባለ 45 ፓውንድ ክብደት ሲገባበት 135 ፓውንድ ወይም 61 ኪሎ ስለሚሆን፣ አገር ቤት 60 ኪሎ ይገፋ የነበረ ሰው ከዚያው ቢጀምር አይቸገርም። ጥንቃቄ የሚሻው በኪሎ የተሠሩ ባለቀለም የጎማ ክብደቶች ከሌሎቹ ጋር ሲደባለቁ ነው። ባለ 25 ኪሎው ቀይ ጎማ 55 ፓውንድ ስለሆነ፣ ባንድ ጎን እሱን፣ በሌላው ጎን ባለ 25 ፓውንዱን ያስገባ ሰው ባሩ ወደ አንድ ወገን ይጋደልበታል። ስለዚህ ቁጥሩን ብቻ ሳይሆን አጠገቡ የተጻፈውን መለኪያ ያንብቡ።

ከሁሉ የሚከብደው የልጆች መድኃኒት ነው። አገር ቤት ፓራሲታሞል የምንለው፣ እዚህ አሴታሚኖፌን የሚባለው የልጆች ሽሮፕ ማሸጊያው ላይ የመጠኑ ሰንጠረዥ የሚነበበው በፓውንድ ሲሆን፣ ሐኪሞች ግን መጠኑን የሚያሰሉት በኪሎ ነው። 14 ኪሎ የምትመዝን ልጅ 31 ፓውንድ ናት፤ ነርሷ ስትጠይቅዎ «31» ብቻ ብለው ቢመልሱና ኪሎ ተብሎ ቢመዘገብ፣ ልጅቱ ከሚገባት ከእጥፍ በላይ መድኃኒት ሊታዘዝላት ይችላል። «31 ፓውንድ» ብሎ መለኪያውን አብሮ መጥራት የአንድ ቃል ሥራ ነው፤ መድኃኒቱንም በሾርባ ማንኪያ ሳይሆን አብሮት በመጣው መስፈሪያ ይስጡ።

እዚህ የሚወለድ ሕፃን ደግሞ ክብደቱ በፓውንድና በአውንስ ይነገራል። አንድ ፓውንድ 16 አውንስ ስለሆነ «7 ፓውንድ ከ8 አውንስ» ማለት 7.8 ሳይሆን ሰባት ተኩል ነው፤ አገር ቤት ለሚጠብቁ አያቶች ሲደውሉ 3.4 ኪሎ ይበሏቸው።