ወፈፌው ሥራ ይኑረው፦ ተመላላሽ ገጸ ባህሪ ያለው ጭውውት እንዴት ይሠራል?

ጅማ ውስጥ በስልክ ጭውውት የሚቀርጹ ልጆች ካየሁ ቆሜ ሳላይ አላልፍም። ጎበዞች ናቸው። ወሬ ያውቃሉ፣ ፊታቸው ይናገራል። ግን አብዛኛው ጭውውት አንድ ቦታ ላይ ይሰናከላል፤ መጨረሻው ላይ። የባጃጅ ሹፌርና ተሳፋሪ በመልስ ይጨቃጨቃሉ፣ ነገሩ እየከረረ ይሄዳል፣ እየሳቅን ነው፣ ከዚያ እንዴት እንደሚያበቃ የሚያውቅ የለም። አንዱ አንዱን በጥፊ ይመታል፣ ወይ ሁሉም ተያይዘው ይሮጣሉ። ስክሪኑ ይጨልማል። አለቀ።

እኔ ለዚህ የማውቀው መድኃኒት ተመላላሽ ወፈፌ ነው። በየጭውውቱ ብቅ የሚል፣ አንድ ያልተለመደ ነገር አድርጎ የሚሄድ ሰው። ወፈፌ ስል የታመመ ሰው ማለቴ እንዳልሆነ ከወዲሁ ይያዝልኝ፣ እመለስበታለሁ።

ብዙ ሰው እንዲህ ያለውን ገጸ ባህሪ የሚደጋግመው ተመልካች ስለወደደለት ብቻ ነው። አንድ ቀን አሳቀ፣ በቃ ደግመን እናምጣው ይባላል። እንዲህ የመጣ ገጸ ባህሪ በሦስተኛው ይደክማል። የሚቆየው ሥራ ያለው ነው። ስለዚህ ስለ መልኩና ስለ ድምፁ ከማሰባችሁ በፊት «ይሄ ሰውዬ ጭውውቱ ውስጥ ምን ይሠራል?» ብላችሁ ጠይቁ። ይከፍታል? ይዘጋል? አንዱን ታሪክ ከሌላው ያያይዛል? መልስ ካጣችሁ ገጸ ባህሪው ገና አልተወለደም።

ይሄንን ከማንም በላይ አጥርተው ያሳዩኝ ሞንቲ ፓይተኖች የሚባሉት የብሪታኒያ ቀልደኞች ናቸው። ስድስት ሆነው የሠሩት ፕሮግራም በቢቢሲ መታየት የጀመረው እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 1969 ነው፤ እስከ 1974 ድረስ 45 ክፍል ወጣው። የነሱም ችግር የኛው ነበር። በዚያ ዘመን ጭውውት ሁሉ በአንድ ጠንካራ የመዝጊያ ቀልድ እንዲያልቅ ይጠበቅ ነበር። መሃሉ ጥሩ ሆኖ መዝጊያው የሚያበላሸው ጭውውት ሰለቻቸውና መዝጊያውን እንዳለ ተዉት። ታዲያ ከአንዱ ወደ ሌላው በምን ይሻገሩ? ወፈፌዎቹ የመጡት እዚህ ላይ ነው።

ግራሃም ቻፕማን የሚጫወተው አንድ ኮሎኔል አለ። የወታደር ልብሱን በሥርዓት ለብሶ ቀጥ ብሎ ይገባና «ይሄ ነገር በጣም ጅል ሆኗል፣ በቃ» ብሎ ጭውውቱን ያስቆማል። አንድ ሰውዬ የሞተ በቀቀን ተሸጦለት ከባለሱቁ ጋር የሚሟገትበት፣ ዓለም ሁሉ የሚያውቀው ጭውውት፣ ቴሌቪዥን ላይ የተዘጋው በዚሁ ኮሎኔል ነው። ቴሪ ጊሊያም ደግሞ ከራስ እስከ እግሩ ብረት ለብሶ፣ ላባው የተነጨ ዶሮ ይዞ ይመጣል። የሚያወራውን ሰውዬ ራሱን በዶሮው ይመታና ይሄዳል። ማይክል ፔሊን ፂሙ የተንዠረገገ፣ ልብሱ የተቦጫጨቀ ሰውዬ ሆኖ በመጀመሪያው ክፍል ከባሕር ይወጣል፣ እየተንገዳገደ ካሜራው ጋ ይደርሳል፣ አንዲት ቃል ሲተነፍስ የመክፈቻው ሙዚቃ ይቀበለዋል። ጆን ክሊዝ ደግሞ በማይሆን ቦታ ሁሉ ጠረጴዛ ዘርግቶ እንደ ዜና አንባቢ ይቀመጥና «አሁን ደግሞ ፍጹም ወደተለየ ነገር» ይላል። አንዱ ከፋች፣ አንዱ አገናኝ፣ ሁለቱ ዘጊ። ሁሉም ሠርተው ነው የሚበሉት።

አሁን የራሳችሁን እንፈልግ። ዶሮና ብረት ልብስ አትዋሱ፣ እሱ የነሱ ነው። የኛ ወፈፌዎች አማርኛው ውስጥ ተኝተዋል። «ጉድ ፈላ» እንላለን፤ ድስት ተሸክማ እየዞረች ጠብ ባለበት ሁሉ ክዳኑን ከፍታ የምታይ ሴትዮ ይቻትላችሁ። «ነገር ያበርዳል» እንላለን፤ ማራገቢያ ይዞ የሚመጣ ሰውዬ ይሄውላችሁ። የምንናገረውን ቃል በቃል ስትወስዱት ወፈፌው ራሱ ይነሳል።

አብረውኝ የሚቀርጹት የኛ ልጆች የያዙት «ከልኩ አለፈ» የሚለውን ነው። ከዚያ ጋሽ ልኬ ተወለዱ። የልብስ ሰፊ ሜትር አንገታቸው ላይ ጣል አድርገው የሚዞሩ ሽማግሌ ናቸው። ሥራቸው መዝጋት ነው። ነገር ሲበዛ ይገባሉ፣ ይለካሉ፣ ይፈርዳሉ፣ ይወጣሉ።

አንዱን ላሳያችሁ። ሻይ ቤት ውስጥ ሁለት ጓደኛሞች ሒሳብ ልክፈል ልክፈል ይባባላሉ። «እናቴ ትሙት እኔ ነኝ የምከፍለው!» «ተው እንጂ፣ ምን አደረግኩህ?» አንዱ የቤቱን ሰው ሁሉ ሒሳብ እከፍላለሁ ይላል። ሌላው የጎረቤቱን ሱቅ ይጨምራል። የመጀመሪያው እስከ አዲስ አበባ ድረስ መንገድ ላይ ያለውን ሻይ ቤት ሁሉ። ሌላው ወንበሩ ላይ ይወጣል። በዚህ መሃል በሩ ይከፈትና ጋሽ ልኬ ይገባሉ። ቤቱ በሙሉ ከመቀመጫው ብድግ ይላል፣ «ይግቡ ጋሼ»። ማንም «እኚህ ደግሞ ማን ናቸው?» አይልም። ይሄ ወሳኝ ነው። ሰውዬውን ዓለሙ ካላወቀው ተመልካቹም አያምነውም። ጋሽ ልኬ ሜትሩን ያወርዱና ከአንደኛው ልጅ እጅ እስከ ኪሱ ድረስ ይለካሉ። «አርባ ሁለት ሳንቲ ሜትር» ይላሉ ዝቅ ባለ ድምፅ። ሜትሩን ይጠቀልላሉ። «ከልኩ አልፏል ልጄ።» ሁሉም አንገቱን ደፍቶ ይወጣል። ሒሳቡን የከፈለ የለም።

ትወናው ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ብዙው ጭውውት የሚበላሸው እዚህ ነው። ጋሽ ልኬን የሚጫወተው ልጅ መጀመሪያ ዓይኑን ያጉረጠርጥ፣ አፉን ያጣምም ነበር። ማንም አልሳቀም። መርካቶ ሄዶ አንድ ልብስ ሰፊ በረንዳ ላይ ተቀምጦ እንዲያይ ላክነው። ተመልሶ ሲመጣ ሌላ ሰው ነበር። ያየውን ነገረን፦ ሰፊው ሲለካ ፊትህን አያይህም፣ ትከሻህን ነው የሚያየው። ቁጥሩን የሚናገረው ለራሱ ነው፣ እንዳይረሳው። ጠመኔው ሁለት ጣቱ መሃል እንዳለ ሌላውን ሥራ ሁሉ ይሠራል። ሲጨርስ ሜትሩን አንገቱ ላይ የሚመልሰው ሳያይ ነው፣ እጁ መንገዱን ያውቀዋል። ልጁ ይሄንን ብቻ አደረገ። ፊቱን ምንም አላደረገውም። የዚያን ቀን ቀራጩ ስልኩን መያዝ አቅቶት ሦስቴ ደገምን። ስለዚህ ወፈፌያችሁን የምትጫወቱት እንደ ባለሙያ ነው፣ ሥራውን እንደሚወድ ሰው። ሰውዬው አስቂኝ መሆኑን አያውቅም። ካወቀ ሞተ።

አለባበሱን በአንድ ዕቃ ጨርሱት። ፓይተኖቹ ጋምቢ የሚሏቸው ሰዎች አሏቸው፤ አራት ጥጉ የተቋጠረ መሐረብ ራሳቸው ላይ፣ ቦቲ ጫማ፣ ክብ መነጽር፣ እየጮሁ ቀስ ብለው የሚያወሩ። መሐረቡ ብቻ በቂ ስለሆነ የተለያዩ ተዋናዮች ተጫውተዋቸዋል። ለናንተም ይጠቅማል፣ አንዱ ልጅ ፈተና ሲደርስበት ሌላው ይተካዋል። ዕቃው ከሩቅ የሚታይና በእጅ የሚሠራ ይሁን። ስልክ ስክሪን ላይ የሸሚዝ ቀለም አይታይም፤ የጅማ ባለሦስት እግር በርጩማ ትከሻ ላይ ከሆነ ግን ይታያል።

አሁን ወደ ቀጠርኩት ልመለስ። የአእምሮ ሕመም ያለበትን፣ ጎዳና የሚተኛውን፣ ሰፈር ሁሉ የሚያውቀውን ሰው አንሥታችሁ አትቅዱ። አካሄዱን፣ አነጋገሩን፣ ስሙን። እሱ ገጸ ባህሪ አይደለም፣ ሰው ነው፣ እናቱም ቪዲዮውን ልታይ ትችላለች። ያየሁት ስለሆነ ነው የምለው። አንድ ቡድን እንዲህ ያለ ነገር ቀርጾ አውጥቶ ስንት ሰው አየው፣ ከዚያ የሰውዬው እህት ወርዳ ስታለቅስ ልጆቹ የሚገቡበት ጠፋቸው። ጭውውቱን አጠፉት፣ ግን ቀድሞ ተሰራጭቷል። ጥሩ ወፈፌ ማንንም አይመስልም። የሚመስል ከሆነ ዕቃውን ቀይሩ፣ ሥራውን ቀይሩ። ስትቀርጹም አስፈቅዱ፦ የሻይ ቤቷን እትዬ ጠይቁ፣ ሻይ ጠጡላት፣ ከፈለገች አንድ ቃል ስጧት። የኛዋ እትዬ አንዴ «ይግቡ ጋሼ» ካለች ወዲህ ያለሷ ቀርጸን አናውቅም።

ስንት ጊዜ ይመላለስ? ለዚህ የኛን የቡና ሥርዓት አስቡ፤ አቦል፣ ቶና፣ በረካ። አቦሉ ላይ ሰውዬውን ሙሉ በሙሉ አሳዩ፦ አገባቡን፣ ዕቃውን፣ ቃሉን፣ አወጣጡን። አትቆጥቡ። ቶናው ላይ ያው ሰውዬ ይምጣ፣ ግን አንድ ነገር ብቻ ይለወጥ። ጋሽ ልኬ ሁለተኛ ሲመጡ ሰርግ ላይ ነበር፣ ሽማግሌዎቹ ምርቃት አስረዝመው ሙሽሮቹ ቆመው ሊያንቀላፉ ሲሉ፤ ሜትሩ አልበቃ ብሎ ከሙሽራው ከረባት ጋር ቋጠሩት። በረካው ቀጭን ነው፣ ቡናውም እንደዛው። ሦስተኛው ላይ አጭር ይሁን፤ በሩ ላይ ሜትሩ ብቻ ይታይ፣ ሁሉም ዝም ይበል፣ በቃ። ከዚያ በኋላ አሳርፏቸው። እኛ ይሄን ሳናውቅ በየሳምንቱ ስናመጣቸው፣ ልጆች መንገድ ላይ ቃሉን ቀድመውን ይሉት ጀመር። ደስ ብሎን ነበር፤ ቀጣዩን ስናወጣ ግን የሳቀ የለም። ቃሉ ከመነገሩ በፊት ተነግሯል።

ቃሉ ራሱ አጭር ይሁን። ጅማ ላይ ብዙ ቤት የሚወራው ኦሮምኛ ነው፣ ቤት ውስጥ ቪዲዮውን የሚያዩት አያት አማርኛው ሊያልፋቸው ይችላል። ስለዚህ ድምፁን አጥፍታችሁ እዩት። ሜትሩ፣ መለካቱ፣ መጠቅለሉ፣ የሰዉ አንገት መድፋት ያለ ቃል ከገባ ሠርቷል ማለት ነው።

ስለ ድምፅ ካነሳን አይቀር፦ የኛ ክረምት ረጅም ነው፣ ጣሪያው ቆርቆሮ ነው። ዝናቡ ሲጀምር ምንም አይሰማም። ሰማዩ ጥርት ሲል በጠዋት ቅረጹ፣ የጆሮ ማዳመጫውን ማይክ ኮሌታ ሥር ደብቁ፣ ከቀረጻው በኋላም ቃሉን ብቻ ጸጥ ያለ ክፍል ውስጥ ደግማችሁ ያዙ። ይሄ ይበቃል።

የቀረው ትልቁ ነገር ወፈፌው የማይመጣበት ቀን ነው። ፓይተኖቹ እ.ኤ.አ. በ1970 የሠሩት አንድ ክፍል አላቸው። አንድ ሰው በጥያቄ ሲወጠር «የስፔን ኢንኩዊዚሽን ይመጣብኛል ብዬ አልጠበቅኩም» ባለ ቁጥር በሩ ይበረገድና ቀይ የለበሱ ሦስት ካርዲናሎች ዘለው ይገባሉ። የድሮውን አስፈሪ የቤተ ክርስቲያን ፍርድ ቤት ስም ይዘው የሚያሰቃዩት ግን በለስላሳ ትራስና በምቹ ወንበር ነው። መጨረሻ ላይ ችሎት ውስጥ ቃሉ ይነገራል። ሰው ሁሉ ዞሮ በሩን ያያል። አይመጡም። ለካ በአውቶቡስ እየበረሩ ነው፣ የአዘጋጆቹ ስም ማለፍ ጀምሯል፤ ደርሰው በሩን ሲከፍቱ ፕሮግራሙ አልቋል። ተመልካቹ ደንቡን ጠንቅቆ ስላወቀው፣ መቅረታቸው ከመምጣታቸው በላይ ያስቃል።

እኛም ሞከርነው። ያቺው ሻይ ቤት፣ ያው ሒሳብ ልክፈል። ነገሩ ልኩን አለፈ። ሁለቱ ልጆች ዝም ብለው ወደ በሩ ዞሩ። ቤቱ ሁሉ ብድግ አለ። እዚህ ጋ ካሜራውን አትንኩት። በሩን ብቻ ይያዝ፣ እስከ አሥር ቁጠሩ፣ ቢረዝምባችሁም አትቁረጡ። እትዬ ሲኒዋን እንደያዘች አንገቷን አውጥታ መንገዱን አየች። አንደኛው ልጅ «ልጥራቸው እንዴ?» አለ። ሌላው ቀስ ብሎ ኪሱ ገባና ብሩን አወጣ፣ ሁሉም አፈጠጠበት፣ መልሶ ከተተው። ከዚያ ብቻ ወደ ውጭ ቁረጡ፦ ጋሽ ልኬ በረንዳ ላይ ዝናብ አግዷቸው ቆመዋል፣ ሜትሩን ወደ ዝናቡ ዘርግተው እየለኩ ነው።