«ኢትዮጵያ» የተባለችውን መርከብ ከዋንዛ እንዴት እንሥራት?

የመርከብ ሞዴል መሥራት ፈልጎ ምክር ለሚጠይቀኝ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የምለው አንድ ነገር አለ። ቀለም ከመቀባትህ በፊት ለባሕረኛ አሳያት። እንጨት መቁረጥና መላግ በልምምድ ይመጣል። የመርከቧን ኑሮ ግን የሚያውቀው ወለሏ ላይ ቆሞ የሠራ ሰው ነው። እነዚያ ሰዎች ደግሞ ዛሬ አዛውንት ናቸው።

አባቴ የባሕር ኃይላችን መርከብ በነበረችው «ኢትዮጵያ» ሞተር ክፍል ውስጥ ሠርቷል። ያደግኩት ስለ ምጽዋ ሙቀት ሲያወራ እየሰማሁ ነው። ስለዚህ የትኛዋን መርከብ ልሥራ ብዬ ብዙ አላሰብኩም።

መጀመሪያ ማንነቷን እወቁ። «ኢትዮጵያ» የተሠራችው በአሜሪካ፣ ዋሽንግተን ግዛት ውስጥ ሲሆን የመጀመሪያ ስሟ «ኦርካ» ነበር። ባሕር ላይ ለሚያርፉ አውሮፕላኖች ነዳጅና ጥገና የምትሰጥ መርከብ ነበረች። አገልግሎት የጀመረችው እ.ኤ.አ. በ1944 መጀመሪያ ላይ ነው (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶችም ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)። በዚያው ዓመት መጨረሻ በፊሊፒንስ፣ ሌይቴ አካባቢ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ተሳትፋለች። በ1962 አሜሪካ ለንጉሠ ነገሥቱ ባሕር ኃይል በውሰት ሰጠቻት፤ በ1976 ደግሞ ተሸጠችልን። በ1991 ወደ የመን ሄደች፤ በ1993 ለብረት ቁርጥራጭ ተሸጠች። ዛሬ ሄዳችሁ የምትለኳት መርከብ የለችም ማለት ነው። ሞዴሏን መሥራት ለእኔ ትልቅ ነገር የሆነው ለዚህ ነው።

እህቶች ግን አሏት። በአንድ ዓይነት ፕላን ከተሠሩት መካከል አንዷ «ሆኮን 7ኛ» ተብላ የኖርዌይ ባሕር ኃይል ማሠልጠኛ ሆናለች። የእኛን ባሕር ኃይል በማቋቋም ብዙ የደከሙት የኖርዌይ መኮንኖች ስለነበሩ፣ ይህ ግጥምጥሞሽ ሁልጊዜ ደስ ይለኛል። ጥቅምም አለው። የእኛዋ ፎቶ ላይ ያልታያችሁን ማዕዘን ከእህቶቿ ፎቶ ላይ ታገኛላችሁ። በእርግጥ እያንዳንዷ በየአገሯ ተለዋውጣለችና ያያችሁትን ሁሉ እንዳለ አትገልብጡ።

ቀጥሎ ዓመት ምረጡ። ይህን ዘልሎ የሚጀምር ብዙ ሰው አለ። ከ1962 እስከ 1974 ከሆነ አንበሳ ያለበት ሰንደቅ ዓላማ ነው የምትሰቅሉት። ከዚያ በኋላ ከሆነ ሌላ ነው። መሣሪያዎችና ጀልባዎችም በዘመን ብዛት ይቀየራሉ። የ1965ን ባንዲራ በ1985 መርከብ ላይ ብትሰቅሉ የሚያውቅ ሰው ገና ከበር ሆኖ ያየዋል።

አሁን ልኬት። እውነተኛዋ መርከብ ርዝመቷ 94.7 ሜትር፣ ወርዷ 12.5 ሜትር፣ ውሃ ውስጥ የሚገባው ክፍሏ 4.1 ሜትር ገደማ ነው። በ1፡200፣ ማለትም ሁለት መቶ ጊዜ አሳንሳችሁ ስትሠሯት 47.4 ሳንቲም ርዝመት፣ 6.3 ሳንቲም ወርድ ይሆናል። ሳሎን መደርደሪያ ላይ ትቀመጣለች፣ በታክሲም ታቅፋችኋት ትሄዳላችሁ። በዚህ ልኬት አንድ ሰው 8.5 ሚሊሜትር ብቻ ነው። ይህን ቁጥር ጭንቅላታችሁ ውስጥ አኑሩት። በር ስትሠሩ፣ መሰላል ስታቆሙ፣ «ይህ ሰው ያልፍበታል ወይ?» ብላችሁ ለኩ።

ለእንጨት የእኔ ምርጫ ዋንዛ ነው። ቀላል ነው፣ መላጊያ አያስቸግረውም፣ በደንብ ከደረቀ ቶሎ አይሰነጠቅም። የቤት ዕቃ የሚሠሩ ልጆች ጋ ሂዱና ቁርጥራጭ ጠይቁ፤ ለዚህ ሥራ ሙሉ ጣውላ መግዛት አያስፈልግም። ዋንዛ ካጣችሁ ዝግባ ይሆናል። ባሕር ዛፍን ተዉት፣ ይጠማዘዛል። እንጨቱ እርጥብ ከሆነ ግን ምንም ዓይነት ቢሆን አያዋጣም። ቤት ውስጥ፣ ፀሐይ በቀጥታ በማያገኘው ቦታ አስቀምጡትና ታገሱት።

አካሏን ከአንድ ግንድ አትፈልፍሉ። 10 ሚሊሜትር ውፍረት ያላቸውን ጣውላዎች ደራርባችሁ ሥሩ። የመርከቧን ፕላን (ንድፍ) በ1፡200 ልክ አሳትሙ። ፕላኑ ላይ በየ10 ሚሊሜትሩ ከፍታ የመርከቧ ዙሪያ ምን እንደሚመስል አውጡ። ያንን ቅርጽ በካርቦን ወደ ጣውላው አዛውሩና በመጋዝ ቁረጡ። ታችኛው ጠባብና ሹል ነው፣ ወደ ላይ ሲሄድ እየሰፋ ይመጣል። እያንዳንዱ ጣውላ ላይ መሐል ለመሐል መስመር አስምሩ። ይህ መስመር ከሌለ የግራና የቀኝ ጎን እኩል ሆኖ አይወጣም። ከዚያ ሁሉንም ደራርባችሁ በሁለት ቦታ በሰርሳሪ ብሱና የቀርከሃ ችንካር አስገቡ። ኮላ ስትቀቡ ጣውላዎቹ መንሸራተት ይወዳሉ፤ ችንካሩ ይይዛቸዋል። ኮላውን ስስ አድርጉት፣ በሞርሳ አጥብቁና እስከ ማግስቱ አትንኩት። በክረምት ከሆነ አንድ ቀን ጨምሩለት።

ሲፈታ ጎኑ እንደ ደረጃ ሆኖ ታገኙታላችሁ። አሁን መላጊያና ሞረድ ያዙ። የደረጃው ውስጠኛ ጥግ የመርከቧ ትክክለኛ ቆዳ ነው። ከዚያ ውጭ የተረፈው ብቻ ይነሳል። ጥጉ ጋ ስትደርሱና ደረጃው ሲጠፋ አቁሙ። የመርከቧን የጎን ጥምዝ በየቦታው ከካርቶን ቆርጣችሁ አዘጋጁ። ካርቶኑን ጎኗ ላይ አስጠግታችሁ ከኋላ መብራት ያዙ። ብርሃን ሾልኮ ከታየ እዚያ ገና ይቀራል። ያንኑ ካርቶን ገልብጣችሁ በሌላኛው ጎን ፈትኑ። በዚህ ሥራ ላይ አትቸኩሉ። እውነቴን ነው፣ አካሏ ካማረ ሌላው ሁሉ ያምራል። በመጨረሻ በ80፣ ከዚያ በ120፣ ከዚያ በ240 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት አልስልሱ። አፍና አፍንጫችሁን መሸፈን አትርሱ። ትናንሽ ቀዳዳዎችን በስቱኮ ድፈኑ።

የላይኛው ክፍል ቀለል ይላል። ማዘዣ ክፍሉንና ጭስ ማውጫውን ከትርፍራፊ ዋንዛ፣ ግድግዳዎቹን ከስስ ፕላይውድ አውጡ። ለምሶሶው ቀርከሃ ሰንጥቁ። ፊት ለፊት ያለው መድፍ የ127 ሚሊሜትር ነው፤ አፈሙዙ በእኛ ልኬት ከጫፍ እስከ ጫፍ 24 ሚሊሜትር ገደማ ይሆናል፣ ከፊሉም ውስጥ ይቀራል። ስቴኪኒ በሰርሳሪ አፍ ላይ አስራችሁ እያሽከረከራችሁ በብርጭቆ ወረቀት ብታቀጥኑት ልክ ይመጣል። ለአጥሩ የኤሌክትሪክ ገመድ ውስጥ ያለውን ቀጭን የመዳብ ሽቦ ተጠቀሙ፣ ከፍታው ከ5 ሚሊሜትር አይብለጥ። ለገመዶቿ የምትጠቀሙበትን ክር ሰም ላይ ጎትቱት፣ ጸጉሩ ይተኛል።

እዚህ ስትደርሱ ቁሙ። ገና እንጨት እንደሆነች ይዛችኋት ወደ ባሕረኞቹ ሂዱ።

እኔ ለአንድ የአባቴ የሥራ ባልደረባ ወሰድኩለት። መነጽሩን አድርጎ ዞር ዞር አድርጎ አያትና፣ «ልጄ፣ ቆማለች ወይስ እየሄደች ነው?» አለኝ። ለምን እንደጠየቀ አልገባኝም፤ አስረዳኝ። መርከብ መልህቅ ጥላ ወይም ወደብ ታስራ ስትቆም ሰንደቅ ዓላማዋ ከኋላ ጫፏ ባለው ዘንግ ላይ ይውለበለባል። ባሕር ላይ ስትጓዝ ከምሶሶው ነው የሚሰቀለው። ስለዚህ ባንዲራው ብቻ ሳይሆን መልህቁም መሰላሉም ጀልባውም ከዚህ ውሳኔ ጋር አብሮ ይሄዳል። በየዓመቱ ጥር ላይ ምጽዋ ውስጥ ይከበር ስለነበረው የባሕር ኃይል ቀንም አወጋኝ። ንጉሠ ነገሥቱ ይገኛሉ፣ የውጭ አገር የጦር መርከቦች ይመጣሉ። መርከቦቹ ከፊት ጫፍ በምሶሶው አናት አልፎ እስከ ኋላ ጫፍ በምልክት ባንዲራዎች ያሸበርቃሉ። የእኔዋን እንደዚያ ቀን አድርጌ ልሠራት የወሰንኩት እዚያው ቁጭ ብዬ ነው።

ስትጠይቋቸው «ታሪኩን ንገሩኝ» አትበሉ። መርከቧን እጃቸው ላይ አስቀምጡና፣ «የት ነበር የሚተኙት? ከወደብ ስትወጡ የት ይቆሙ ነበር? ምኗን ነበር ቶሎ ቶሎ የምትቀቧት?» በሉ። ጣታቸው ራሱ ይጠቁማል። ፈቃዳቸውን ጠይቃችሁ በስልክ ቅረጹ። ሁለት ሰዎች አብረው ቢሆኑ ደግሞ የበለጠ ነው፤ አንዱ የረሳውን ሌላው ያነሳል፣ ሲከራከሩም ዝርዝሩ ይወጣል። ከመካከላቸው ዛሬ ኤርትራውያን የሆኑ አሉ፣ አሜሪካና አውሮፓ የሚኖሩም አሉ፤ ለራቁት ፎቶ ላኩላቸው። የባሕር ኃይሉ ምክትል አዛዥ የነበሩት ልዑል እስክንድር ደስታ በ1974 መገደላቸው፣ የ1990 የምጽዋ ውጊያ፣ የ1991 ስደት፣ እነዚህ ለብዙዎቹ ያልሻረ ቁስል ናቸው። ራሳቸው ካነሱት ዝም ብላችሁ ስሙ። ካላነሱት ስለ መርከቧ ብቻ አውሩ።

የነገሯችሁን እርማት ጨርሳችሁ ቀለም ጀምሩ። ነጭ ቀለም ላይ ጥቁር ጠብ እያደረጋችሁ ግራጫ አውጡ። ትንሽ ነገር ላይ ጥቁረት ይጎላል፣ ስለዚህ ከምታስቡት ነጣ አድርጉት። ወፍራም አንድ ጊዜ ከመቀባት ስስ ሦስት ጊዜ ይሻላል። ፊቷ ላይ የላቲኑን «A» ፊደልና «01» ቁጥሯን ከወረቀት በተቆረጠ ቅርጽ ላይ በስፖንጅ መታ መታ አድርጉ፤ በብሩሽ ከሆነ ከሥሩ ይገባል።

ማስቀመጫዋን ከጠቆር ያለ እንጨት ሥሩላት። ፊቱ ላይ ስሟን፣ የቀድሞ ስሟን፣ የመረጣችሁትን ዓመትና ልኬቱን ጻፉ። ከሥሩ ደግሞ፣ ፈቃደኛ ከሆኑ፣ የነገሯችሁን ባሕረኞች ስም፣ በየትኛው ክፍል ይሠሩ እንደነበርና ምን እንዳረሙ በማይለቅ ቀለም አስፍሩ። የእኔዋ ሥር «ሞተር ክፍል» በሚለው አጠገብ የአባቴ ስም አለ።