ሊጡ የናፖሊ፣ ምድጃው የቤት፦ ፒዛ ስትጋግሩ ልታስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ስለ ፒዛ ክርክር ሲነሣ ሰው ሁሉ የሚያወራው ስለ ላዩ ነው፤ ስለ ሥጋው፣ ስለ አትክልቱ፣ ስለ ቺዙ። የእኔ ሥራ ግን ከሥር ካለው ዳቦ ጋር ነው። በምሠራበት ማእድ ቤትም ሆነ ምክር ፈልገው በሚደውሉልኝ ሰዎች ዘንድ የማያቸው ስህተቶች አብዛኞቹ ከአንድ ምንጭ የሚቀዱ ናቸው፦ የአንዱን ከተማ ሊጥ በሌላው ከተማ ምድጃ መጋገር፣ የአንዱንም ፒዛ በሌላው ሚዛን መመዘን። ቀጭን የሚወድ ቀጭኑን፣ ወፍራም የሚወድ ወፍራሙን ይብላ፤ በምርጫ ላይ ክርክር የለኝም። ክርክሬ ከአሠራሩ ጋር ነው።

የናፖሊን ሊጥ በቤት ምድጃ መጋገር

ይህን አስቀድሜ የማነሣው ከሁሉም በላይ ስለሚያናድደኝ ነው። የምናደደው ግን በጀማሪዎች አይደለም፤ ለየትኛው ምድጃ እንደሆነ ሳይናገሩ አሠራር በሚያስተምሩት ላይ ነው። ጀማሪው የጣሊያኗ ከተማ የናፖሊ ባለሙያ ሲያቦካ በቪዲዮ ያያል። ዱቄት፣ ውኃ፣ ጨውና እርሾ ብቻ፤ ዘይት የለ፣ ስኳር የለ። ልክ እንዳየው ያቦካል፣ ሌሊቱን ያሳድረዋል፣ በእጁ አሳምሮ ይዘረጋዋል። ከዚያ 250 ዲግሪ በማያልፍ የቤት ምድጃ ውስጥ ያስገባዋል። የሚወጣው የገረጣ፣ የደረቀ፣ መንጋጋ የሚያደክም ነገር ነው። በዚህ ምክንያት ጎበዝ እጅ ያላቸው ሰዎች «ለፒዛ አልታደልኩም» ብለው ሲተዉት ማየት ያሳዝነኛል፤ ምክንያቱም በሊጡ ላይ አንዳች ስህተት አልሠሩም።

ነገሩ እንዲህ ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 በአውሮፓ ኅብረት የተመዘገበው የናፖሊ ፒዛ ደንብ መጋገሪያው በእንጨት የሚነድ እንዲሆን፣ ሙቀቱ 485 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ እንዲደርስ፣ ፒዛውም ከ60 እስከ 90 ሰከንድ ብቻ እንዲቆይ ያዝዛል። በዚያ ግለት ጠርዙ በአንድ አፍታ ይነፋል፣ ላዩ ጥቁር ነጠብጣብ ያወጣል፣ ውስጡ ያለው ውኃ ግን ተንኖ ለመውጣት ጊዜ አያገኝም። የናፖሊ ፒዛ ለስላሳ የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው። ያው ሊጥ በ250 ዲግሪ ቀለም እስኪያወጣ አሥር ደቂቃ ወይም ከዚያ በላይ ይፈልጋል፤ በእነዚያ ደቂቃዎች ውኃው ተንኖ ያልቃል። ቀለም ሳይመጣ ድርቀቱ ይቀድማል ማለት ነው።

መፍትሔውን ከናፖሊ የተሰደዱት ራሳቸው በኒውዮርክ አግኝተውታል። እ.ኤ.አ. በ1905 ሎምባርዲ በሚባል ፒዛ ቤት ተጀመረ የሚባለው የኒውዮርክ ፒዛ መጀመሪያ በድንጋይ ከሰል ነበር የሚጋገረው። በኋላ ግን ሙቀቱ ዝቅ ያለ የጋዝ ምድጃ በየሰፈሩ ሲስፋፋ፣ ሊጡ ውስጥ ዘይትና ጥቂት ስኳር መጨመር የተለመደ ሆነ። ዘይቱ ዳቦው እንዲለሰልስ ያደርጋል፤ ስኳሩ በዝቅተኛ ሙቀትም ቀለም እንዲያወጣ ይረዳል። ስለዚህ ለቤት ምድጃ የምመክረው ይህንን ነው፦ 500 ግራም ዱቄት፣ 325 ሚሊ ሊትር ውኃ፣ 10 ግራም ጨው፣ 15 ግራም ዘይት፣ 8 ግራም ስኳር፣ ከ1 እስከ 2 ግራም ደረቅ እርሾ። ከተቦካ በኋላ ማቀዝቀዣ ውስጥ ከአንድ እስከ ሦስት ቀን ይደር። ለሦስት ድብልብል ይበቃል። ምድጃውን ፒዛው ከሚጋገርበት ድንጋይ ወይም ወፍራም ብረት ጋር ከ45 ደቂቃ እስከ አንድ ሰዓት በሙሉ ኃይሉ አግሉት። የምድጃው ምልክት መብራት ጠፍቶ «ሞቋል» ስላላችሁ ድንጋዩ ሞቋል ማለት አይደለም።

ችኮላን በእርሾ ማካካስ

እንግዳ ሊመጣ ሁለት ሰዓት ሲቀረው ሙሉ ማንኪያ እርሾ የሚጨምር ሰው ሞልቷል። ሊጡ በእርግጥ ኩፍ ይላል፤ ዳቦው ግን እርሾ እርሾ ይላል፣ ሲጋገርም ቶሎ ይተነፍሳል። የናፖሊው ደንብ ለ1 ሊትር ውኃ የሚፈቅደው እርጥብ እርሾ 3 ግራም ብቻ ነው፤ ቀሪውን ሥራ የሚሠራው ጊዜ ነው። የሊጥ ጣዕም የሚመጣው በቆይታ መሆኑን እንጀራ ለሚያቦካ ሰው ማስረዳት አያስፈልግም ነበር። ሆኖም ፒዛ ላይ ሲደርስ ሁሉም ይረሳዋል።

በአዲስ አበባ ደግሞ ሌላ ምክንያት ይጨመራል። ከተማችን ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት። የአየሩ ግፊት ዝቅተኛ ስለሆነ እርሾው የሚያወጣው ጋዝ በቀላሉ ይለጠጣል፤ ሊጡ ባሕር ዳርቻ ካለ ከተማ ፈጥኖ ያብጣል። ሮም ወይም ኒውዮርክ የተጻፈ መመሪያ «ለሁለት ሰዓት ይቀመጥ» ካለ እኛ ዘንድ ሰዓቱን ሳይሆን ሊጡን ተመልከቱ፤ እጥፍ ከሆነ ሰዓቱ ባይሞላም ደርሷል። እርሾውን ቀንሱ። አየሩ ደረቅ ስለሆነም ሊጡን በደንብ ሸፍኑት፤ ላዩ ከደረቀ ሲዘረጋ ይሰነጠቃል።

«ዜሮ ዜሮ» ካልሆነ አይሆንም ማለት

ብዙ ገንዘብ አውጥተው የጣሊያን ዱቄት ፈልገው የሚገዙ ጀማሪዎች አሉ። በጣሊያን ምደባ «ዜሮ ዜሮ» የሚነግራችሁ ዱቄቱ ምን ያህል እንደነጣና እንደተጣራ ነው፤ ጥንካሬውን አይደለም። ለኬክ የሚሆን ለስላሳ «ዜሮ ዜሮ» አለ፣ ለረጅም ቆይታ የሚሆን ጠንካራም አለ። በቤታችሁ ያለውን ፉርኖ ዱቄት ፈትኑት፦ ከተቦካው ሊጥ ጥቂት ቆርሳችሁ በጣቶቻችሁ ቀስ ብላችሁ ወጥሩት። ብርሃን እስኪያሳልፍ ከሳሳ ጠንካራ ነው፣ ለመዘርጋት ይሆናል። ቶሎ ከተበጠሰ ደግሞ ውኃውን ቀንሱና በመዳመጫ አሳሱት ወይም ትሪ ላይ ጋግሩት።

መዳመጫን መርገም

በናፖሊ መዳመጫ ክልክል ነው፤ ጠርዙን የሚነፋውን አየር ያወጣል። በሮም ግን ክብ የሆነው ቀጭን ፒዛ በመዳመጫ ነው የሚሳሳው፤ ሲቆረስ ድምፅ እንዲያሰማ ይፈለጋል። ሁለቱም ትክክል ናቸው።

የሌላውን ከተማ ፒዛ «ጥሬ» ወይም «አርሯል» ማለት

በናፖሊ አሠራር የጋገርነውን ፒዛ «መሐሉ አልበሰለም» ብለው የሚመልሱ ደንበኞች አሉ። አንዴ ለዓመታት አሜሪካ የኖሩ አንድ አባት ቁራሹን አንሥተው ጫፉ ወደ ታች ሲንጠለጠል አይተው ጠሩኝ። እርሳቸው የለመዱት በእጅ ታጥፎ የሚበላውን፣ ጫፉ የማይወድቀውን የኒውዮርክ ፒዛ ነው። የናፖሊው መሐሉ ወደ አራት ሚሊ ሜትር ገደማ የሳሳ፣ እርጥብና ለስላሳ እንዲሆን ሆን ተብሎ የሚሠራ ነው፤ በቢላና በሹካ ይበላል፣ መንገድ ላይ ደግሞ አራት ታጥፎ ይበላል። ይህን ስነግራቸው ሹካ አስመጥተው በሉት። ምርጫቸው ግን አልተለወጠም፤ በሚቀጥለው ጊዜ «ጠንከር ያለውን» ብለው አዘዙ፣ እኔም በደስታ ሠራሁላቸው። ደንበኛ የሚወደውን በግልጽ ሲናገር ሥራችን ይቀልላል። «ጥሬ ነው» ከሚለው ይልቅ «ጫፉ የማይወድቅ እፈልጋለሁ» የሚለው ቃል ለጋጋሪው ብዙ ይነግረዋል።

ወፍራም ፒዛን ያለ ትሪ መጋገር

እኛ አገር ሰው ለስላሳና ወፍራም ዳቦ ይወዳል። ድፎ ዳቦ እየበላን አድገናልና አይገርምም። «እውነተኛ ፒዛ ቀጭን ነው» እያሉ ይህን ምርጫ የሚያንቋሽሹ ባልደረቦቼ ተሳስተዋል። የጣሊያኗ ከተማ የፓሌርሞ ፒዛ፣ ስፊንቾኔ፣ ወፍራም ነው፤ ሽንኩርት፣ አንቾቪ የሚባለው ትንሽ ዓሣ፣ ካቾካቫሎ የሚባለው ቺዝና የዳቦ ፍርፋሪ ይደረግበታል። የአሜሪካዋ ከተማ የዲትሮይት ፒዛም ወፍራም ነው። እ.ኤ.አ. በ1946 በዲስ በሚባል ቤት የተጀመረው ይህ ፒዛ የሚጋገርበት ባለ አራት ማዕዘን ጥቁር ብረት ከመኪና ፋብሪካ የተገኘ ነበር ይባላል። ቺዙ እስከ ብረቱ ግድግዳ ድረስ ይነሰነሳል፤ ጥግ ጥጉ ላይ ቀልጦ እንደ ቆሎ ይንኮሻኮሻል። ስጎው ከላይ በመሥመር ይፈስሳል።

ስህተቱ ወፍራሙን ሊጥ በደረቅ ድንጋይ ላይ መጣል ነው። ውስጡ ሳይበስል ሥሩ ያርራል። ወፍራም ሊጥ ውኃው የበዛ ይሁን፤ ከዱቄቱ ክብደት 70 በመቶ ወይም ከዚያ በላይ። ትሪው በዘይት በደንብ ይቀባ፤ ሊጡ እዚያው ትሪው ውስጥ ለሁለተኛ ጊዜ ኩፍ ይበል። ከዚያ ሥሩ በዘይቱ ይጠበሳል፣ መሐሉ ለስላሳ ይሆናል። የቺካጎውን ጥልቅ ፒዛ ከዚህ ጋር አታምታቱት። እ.ኤ.አ. በ1943 ፒዜሪያ ኡኖ በሚባል ቤት ተጀመረ የሚባለው ያ ፒዛ ሊጡ የሳህን ቅርጽ ይዞ ቺዙ ከሥር፣ ቲማቲሙ ከላይ የሚሆንበት ነው፤ ከግማሽ ሰዓት በላይ ስለሚቆይ ቺዙ ከላይ ቢሆን ያርር ነበር።

በምጣድ ሲጋገር ሁሉንም በአንድ ጊዜ መጫን

ምድጃ የሌለው ሰው በኤሌክትሪክ ምጣድ ቢጋግር አልቃወምም፤ ሸክላው ሙቀት አሳምሮ ይይዛል። ነገር ግን ሙቀቱ ከሥር ብቻ ነው። ጥሬ ሊጥ ላይ ስጎና ቺዝ ጭናችሁ በአክንባሎ ስትከድኑት እንፋሎቱ ተመልሶ ይንጠባጠብበታል፣ ላዩም ይላቁጣል። ሊጡን አሳስታችሁ መጀመሪያ ባዶውን አንድ ጎኑን ጋግሩት፣ ገልብጡት፣ በተጋገረው ጎን ላይ ጥቂት ስጎና ቺዝ አድርጉ፣ ቺዙ እስኪቀልጥ ብቻ ክደኑት። በአሜሪካ ፕሮቪደንስ ከተማ በታወቀው የፍም ላይ ፒዛም አሠራሩ ይኸው ነው፤ አንድ ጎን፣ መገልበጥ፣ ከዚያ መጫን።

የጾም ፒዛን ከፍስኩ ቺዝ ቀንሶ መሥራት

በጾም ወራት የሚቀርበው ፒዛ አብዛኛውን ጊዜ የፍስኩ ነው፤ ቺዙ ወጥቶ በምትኩ ካሮት፣ ጎመን፣ እንጉዳይና የፈረንጅ ቃሪያ የተቆለለበት። አትክልቱ ውኃውን ይለቃል፣ ዳቦው ይርሳል፣ ጾመኛውም ዝም ብሎ ይበላል። ጾመኛው የዓመቱን ትልቅ ክፍል የሚያሳልፈው በጾም ነው፤ የሚገባው ይህ አይደለም።

ናፖሊ ከጥንት ጀምሮ ቺዝ የሌለው ፒዛ አላት፤ ማሪናራ ይባላል። ቲማቲም፣ በስሱ የተከተፈ ነጭ ሽንኩርት፣ ኦሬጋኖ የሚባለው ቅጠል ቅመም፣ የወይራ ዘይት። ስሙ ባሕርን ቢያስታውስም ዓሣ የለበትም። ቲማቲሙ ሳይበስል ተፈጭቶ ጨው ብቻ ይጨመርበታል፤ የቲማቲም ድልህ ቀቅሎ መቀባት ጣዕሙን ያከብደዋል። ዘይቱን አትቆጥቡ፤ ቺዙ ይሰጠው የነበረውን ቅባት የሚተካው እርሱ ነው። ዳቦው የሚሸፍነው ነገር ስለሌለ በደንብ የቦካና በልኩ ጨው ያለው መሆን አለበት። አትክልት የግድ ከተፈለገ አስቀድማችሁ በደረቅ መጥበሻ ውኃውን አውጡለት፣ ከሁለት ዓይነትም አታብዙ።

በሞዛሬላ ቺዝ ፈንታ አይብ

አይብ በሙቀት የረጋ ስለሆነ አይቀልጥም፤ ይደርቃል። ከወደዳችሁት ፒዛው ከወጣ በኋላ ነስንሱት።

ሁሉንም ፒዛ በማይክሮዌቭ ማሞቅ

የናፖሊው ለነገ አይቀመጥም፤ እንደወጣ ብሉት። የኒውዮርኩና የትሪው ግን ያድራሉ። በደረቅ መጥበሻ፣ መካከለኛ እሳት ላይ አስቀምጣችሁ ሥሩ እስኪጠነክር ጠብቁ፤ ከዚያ ከጎኑ ጥቂት ጠብታ ውኃ ጣሉና ለአንድ ደቂቃ ክደኑት። ቺዙ ይለሰልሳል፣ ሥሩም እንደጠነከረ ይቀራል።